ወደ ላይ የቆመች ቀስት

«በልታለች!» አለች መሠረት፣ የሟች እናቷን ስልክ ወደ ላይ አንስታ። «ይኸው ቀስቱ፣ እዩት! በልታለች!»

ድንኳኑ ውስጥ የነበሩት ሴቶች ስልኩን አላዩም። ሁሉም ያዩት የፅጌን አፍ ነው።

ፅጌ ጥቁር ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ስባ ፍራሹ ላይ ተቀምጣለች። ትናንት አማቷን ቀብረው ከተመለሱ ወዲህ ከዚያ ፍራሽ የተነሳችው ወደ ጓሮ፣ ለሽንት ብቻ ነው። አሁን ያቺው የጓሮ መንገድ ማስረጃ ሆና መጣችባት።

«ምን በላሁ፣ እትዬ መሠረት?»

«እኔ ምን አውቄ! እነ ጸሐይነሽ ጉርሻ ጠቅልለው ሲለምኑሽ ‹አይወርድልኝም› ብለሽ ፊትሽን አዞርሽ። እሺ፣ ሐዘን ነው አልን። ከጓሮ ስትመለሺ ቁጥሩ ሁለት መቶን አልፎ ቁጭ! ሚሪንዳውን የት ነው የደበቅሽው፣ ከዶሮዎቹ ጋር?»

አንዷ ለቀስተኛ ልትስቅ ብላ ሳል አስመሰለችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፅጌ ከልጅነቷ ጀምሮ የስኳር ሕመምተኛ ናት፤ ያለ መርፌ ውላ አታድርም። በግራ ክንዷ ላይ የአንድ ብር ሳንቲም የምታህል ነጭ ክብ ነገር ተለጥፋለች። ከሥሯ እንደ ፀጉር የቀጠነች ሽቦ ቆዳዋ ውስጥ ገብታ ስኳሯን ቀንም ሌትም ትለካለች። የለካችውን ለፅጌ ስልክ ትነግራለች። የፅጌ ስልክ ደግሞ ለአማቷ ለእቴቴ ታይቱ ስልክ ትነግራለች። በወረታ ከተማ ከዚህ የፈጠነ የወሬ መስመር ተዘርግቶ አያውቅም።

መስመሩን የዘረጋው የፅጌ ባል እሱባለው ነው። የከባድ መኪና ሾፌር ስለሆነ ከሳምንቱ የሚበዛውን መንገድ ላይ ነው የሚያሳልፈው፤ ለእናቱ ቀብር እንኳ አልደረሰም። ዕቃውን ከዱባይ በሚነግድ ጓደኛው በኩል አስመጣና፣ «እኔ መተማ ሆኜ ምን አደርግላታለሁ፤ አጠገቧ ያለሽው አንቺ ነሽ» ብሎ የእናቱ ስልክ ላይ አስገባው። እቴቴ ታይቱ ፊደል አልቆጠሩም፤ ቁጥርና ቀስት ግን ያነባሉ። ቀስት ወደ ላይ ከሆነች በልታለች። ወደ ታች ከሆነች ርቧታል። መሠረት ከሐሙሲት ሱቋ እናቷን ልትጠይቅ በመጣች ቁጥር የተማረችው ይህንኑ ነው፤ ትምህርቱ ይኸው ስለሆነ ፍርዱም ይኸው ሆነ።

«እትዬ፣ እመቤቴን ምንም አልቀመስኩም።»

«ማርያምን አትጥሪያት፤ ቤተ ክርስቲያኗ እዚሁ በራችን ላይ ነው።»

ከድንኳኑ ጥግ ሹክሹክታው ጀመረ። ሹክሹክታ ይባል እንጂ የተነገረው ፅጌ እንድትሰማው ነው።

«ከትናንት ጀምሮ አንዲት ዘለላ እንባ ካየሁባት ዓይኔ ይጥፋ።»

«ምን ታልቅስ! ከአፏ ሲነጥቋት የኖሩ አማት ናቸው የሞቱላት። እኔ ብሆን እልል እል ነበር።»

«ኧረ ዝም በይ፣ ልጅቱ የሰው አገር ሰው ናት። ደሴ እንዲህ ይሆናል ልቅሶው።»

«ደሴ ዓይን የለም እንዴ?»

ፅጌ ሁሉንም ሰማች፤ ልትቆጣ ግን አቅም አጣች። እንባውን እሷም ስትፈልገው ነበር የሰነበተችው። መቃብሩ አፋፍ ላይ እንደ መብራት ምሰሶ ቀጥ ብላ ስትቆም ሰው ሁሉ እንዳያት ታውቃለች። ነጠላዋ ውስጥ ጭኗን ቆንጥጣለች። የገዛ እናቷን ሞት አስታውሳለች። ዓይኗ የባሰ ደረቀ። ሌት ደግሞ ከሰዎቹ ሹክሹክታ የከፋ ሐሳብ መጣባት፦ እውነታቸውን ይሆን እንዴ? አልወደድኳቸውም ይሆን?

እቴቴ ታይቱ በከተማው የሚታወቁት በዚሁ ነው፤ በጨካኝ አማትነት። አገሩ ሁሉ ሩዝ በሚያመርትበት፣ ሩዝ ያልገባበት እንጀራ በማይገኝበት ፎገራ ላይ ተቀምጠው ምራታቸውን ሩዝ ከልክለዋል። ሠርግ ቤት ከፊቷ ላይ ዳቦ ያነሳሉ። በአንድ ወቅት ፅጌ የምትሠራበት ባንክ ውስጥ የአንድ ባልደረባ ልደት ተከበረ። ፅጌ ቁራሽ ኬክ አነሳች፤ ማንም አላያትም። ጥቂት ቆይቶ ስልኳ ጮኸና እጇ በክሬም ስለተበከለ በድምፅ ማጉያው ከፈተችው።

«አስቀምጪው!» አለ የእቴቴ ታይቱ ድምፅ።

የባንኩ ሥራ አስኪያጅ የራሱን ኬክ አስቀመጠ።

እንዲህ ያሉ ታሪኮች ወረታን ሲያስቁ ኖረዋል። የሳቁት ሰዎች ናቸው አሁን ድንኳኑን የሞሉት።

ፅጌ ከቦርሳዋ የጣት መርፌዋን አወጣች። ለማንም ሳይሆን ለራሷ ልታረጋግጥ ፈለገች፤ ያቺ ነጭ ነገር አንዳንዴ ትሳሳታለችና። ጣቷን ወጋች፣ ጠብታዋን በትንሿ መለኪያ ላይ አደረገች። ቁጥሩ ያው ነው።

«አየሽ? ደሙም መሰከረ!» አለች መሠረት።

«ሐኪሙ ነግሮኝ ነበር፣ እትዬ። ሰው ሲደነግጥ፣ ሲያዝን፣ ሰውነቱ ያጠራቀመውን ስኳር ራሱ ይለቀዋል ብሎኝ ነበር። ይህን ያህል ግን አይቼ አላውቅም።»

«እንዲያማ ከሆነ» አለች የጥጓ ሴት፣ «ልቅሶ ቤት ሁሉ ማር ቤት ነው።»

አሁን ሳቁን በሳል የሸፈነ አልነበረም። መሠረት ግን አልሳቀችም። የመሠረት ዓይን ከትናንት ለቅሶ አብጦ ሊዘጋ ደርሷል፤ ድምፅዋ ሰልሏል፤ እናቷን በወጉ ያለቀሰች ልጅ ናት። እዚህ አንድ ሰው እያታለለ ነው ብላ ካመነች መተው አትችልም። ተነሥታ መጣችና ፅጌ ፊት ለፊት፣ ጉልበት ለጉልበት ተቀመጠች።

«ከዚህ አትነሽም። ምራቅሽን ስትውጪ እንኳ አያለሁ። የበላሽው ሲያልቅ ቁጥሩ ይወርዳል፤ ያኔ እንነጋገራለን።»

«እሺ» አለች ፅጌ።

ስልኩ በመሃላቸው ሆነ። ከትልቁ መንገድ የከባድ መኪና ጥሩምባ ይሰማል። ከወዲያ በኩል፣ ውሃው ገና ካልሸሸበት ማሳ፣ የእርጥብ ሩዝ ሽታ በነፋሱ ይመጣል።

ፅጌ ያቺን ቀስት እያየች የወንዛዬን ፍል ውሃ አሰበች።

መጀመሪያ ላይ እቴቴ ታይቱ ነጯን ነገር አይወዷትም ነበር። «ምነው ልጄ፣ እንደ ላም ምልክት አደረጉብሽ?» አሉ። ለስኳር ፍቱኑ ወንዛዬ ነው ብለው ፍል ውሃው ድረስ ይዘዋት ሄዱ። ፅጌ እስከ አንገቷ ገብታ ዓይኗን ጨፈነች። እሳቸው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ልብስና ስልክ ይጠብቃሉ። ድንገት ስልኩ እንደ ጫጩት መጮህ ጀመረ። ቀስቷ ቁልቁል ተዘቅዝቃለች።

«ፅጌ! ውጪ!»

«ደህና ነኝ እቴቴ። እንዲያውም እንዴት ደስ እንዳለኝ!»

አልዋሸችም። ምንም አልተሰማትም ነበር። እቴቴ ታይቱ ግን ከነቀሚሳቸው ውሃው ውስጥ ገብተው፣ ገላውን የሚታጠበውን ሰው ሁሉ እየገፈተሩ ጎትተው አወጧት። ዳር ስትደርስ ጉልበቷ ከዳት፤ ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ፤ የራሷን ስም ብትጠየቅ አትመልስም። ስኳር በጣታቸው እያነሱ ምላሷ ሥር አደረጉላት። ነፍሷ ስትመለስ መጀመሪያ ያየችው እቴቴ ታይቱን ነው፤ ቀሚሳቸው እየተንጠባጠበ፣ ስልኩን በሁለት እጃቸው እንደ መስቀል ይዘው ፈዘው ቆመዋል።

«እሷ እንኳ ሳታውቀው» አሉ፣ ለማን እንደሚናገሩ ሳይታወቅ፤ «ገላዋ ለእኔ ነገረኝ!»

ከዚያ ቀን ወዲህ ስልኩ ከማተባቸው ጎን በትንሽ ከረጢት ተንጠልጥሎ ዋለ፣ አደረ። የራሳቸውን የደም ግፊት ኪኒን ግን «ነገ» ሲሉ ኖሩ። ከትናንት በስቲያ ጠዋት ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ስልኩን እንደጨበጡ ዘንበል አሉ። በዚያች ሰዓት የፅጌ ቀስት ወደ ጎን ተኝታ ነበር፤ ሰላም ነው ማለት ነው። የእሳቸውን ደም የምታሳይ ቀስት ግን የትም አልነበረችም። ከመገነዛቸው በፊት ስልኩን ከአንገታቸው ያወለቀችው መሠረት ናት።

ከውጭ ጩኸት ተሰማ። ከሐሙሲት በኩል አዲስ ለቀስተኛ ደርሷል፤ ከፊት አልቃሿ ይርጋለም ናት። ይርጋለም በፎገራ ሜዳ ላይ ሙሾ በማውረድ የሚያህላት የለም። ሟችን ሳታጠና አትመጣም፤ ጎረቤት ጠይቃ፣ ዘመድ ጠይቃ፣ ሰው የረሳውን ሁሉ ለቅማ ነው የምትገባው። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች፣ ደረቷን በመዳፏ መታ አደረገች። ሴቶቹ ሁሉ ተነሡ። ፅጌና መሠረት ብቻ ጉልበት ለጉልበት እንደተቀመጡ ቀሩ።

*ቅዳሴው ሳይፈጸም ባንድ ጫማ የሮጥሽ፣*
*ዛሬስ ማን ጠራሽና ሳትመለሺ ቀረሽ?*

«ወይኔ እናቴ!» አለች መሠረት። ዓይኗ ግን ከስልኩ አልተነሣም። «ሁለት መቶ አርባ!» ስትልም ድምፅዋ የከሳሽ ነው። «ይኸው እየጨመረ ነው! የበላሽው ገና አላለቀም!»

ፅጌ የሰማችው ባንድ ጫማ የሚለውን ብቻ ነው።

የሆነው ባለፈው ዓመት ነው። ፅጌ ባንክ መስኮቷ ላይ ሆና የአንድ ገበሬ ብር እየቆጠረች ነበር። ቆጠራው እንዳላለቀ፣ ሰውዬው «እህት፣ እህት» እያለ እንደሚጠራት፣ ብሩን ትታ ግድግዳውን ማየት እንደጀመረች አላወቀችም። ስልኳ መሳቢያ ውስጥ ሲጮህም አልሰማችው። እቴቴ ታይቱ ቤተ ክርስቲያን ነበሩ። ከቅዳሴ መሃል ወጥተው፣ ጫማቸውን ከደጀ ሰላሙ ክምር ሲፈልጉ አንዱን ብቻ አግኝተው፣ በአንድ እግር ጫማ በአንድ እግር ባዶ ወረታን ሰንጥቀው ሮጡ። የባንኩ ዘበኛ በር ላይ ያዛቸው።

«እማማ፣ ሰልፍ አለ።»

«ሰልፍህን ብላው! ልጄ እየወረደችብኝ ነው!»

«ወዴት ነው የምትወርደው?»

በክንዱ ሥር ሾልከው ገቡና የያዙትን የሚሪንዳ ጠርሙስ በመስኮቱ ቀዳዳ አሾለኩላት። ፅጌ ጠጣች። ዓለም ቀስ እያለ ወደ ቦታው ሲመለስ፣ ከመስታወቱ ማዶ ቁና ቁና የሚተነፍሱ አሮጊት አየች። አመስግና አታውቅም። እሳቸውም ምስጋና አልጠበቁም፤ «ቁርስ ሳትበዪ እንዳትወጪ አላልኩሽም?» ብለው ሰው ፊት አዋርደዋት ነው የሄዱት። ወረታ ያንንም ስቆበታል፤ ቅዳሴ ጥላ ምራቷን ልትቆጣጠር የሄደች አማት ተብለው ለወራት ተወርተዋል።

ይርጋለም ደግሞ ሌላውን አወረደች፤ በዝግታ፣ እያንዳንዱን ቃል ከአንጀቷ እየጎተተች።

*ባንኩ በር ላይ ቆሞ ዘበኛው ይጠይቃል፤*
*ሴትዮዋ ቀርታለች፣ ልጇን ማን ያጠጣል?*

ልጇን አለች። ምራቷን አላለችም።

ፅጌ አልተንቀሳቀሰችም። እጆቿ ጉልበቶቿ ላይ ተዘርግተዋል፤ ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ዓይኗም እንደዚያው ነው። ቀስቷ ግን ከጋደለችበት ተነሥታ እንደ ዘንግ ቀጥ ብላ ወደ ላይ ቆመች።

«ሁለት መቶ ሰባ» አለች መሠረት። አሁን አልጮኸችም።

ሙሾው ቀጠለ። ይርጋለም ስለ ወንዛዬ አወረደች፣ በከረጢት ስለተንጠለጠለው ስልክ አወረደች፣ ሰው ስለሳቀባቸው አሮጊት አወረደች። ከተጠየቁት ጎረቤቶች መካከል ሳይስቅ ያየ ሰው ኖሯል ማለት ነው።

«ሁለት መቶ ዘጠና አምስት።» ይህን ያለችው በሹክሹክታ ነው።

ጸሐይነሽ ከለቀስተኞቹ መሃል ወጥታ በመሠረት ትከሻ ላይ ጎንበስ አለች። ከዚያ ሌላዋ መጣች። የጥጓ ሴትም ሹክሹክታዋን ትታ መጣች። አንዷ ፅጌን፣ አንዷ ስልኩን ታያለች፤ ደግሞ ይለዋወጣሉ። የልጅቱ ፊት ድንጋይ ነው፤ አፏ ዝግ ነው፤ ከደረቷ የሚወጣ ድምፅ የለም። እዚያች ትንሽ መስታወት ላይ ግን አንዲት መስመር ከግራ ወደ ቀኝ ተኝታ መጥታ፣ ሙሾው ከጀመረበት ላይ እንደ ጉና ተራራ ሽቅብ ተነሥታለች። በይርጋለም ድምፅ ላይ ድምፅ እንደሚጨምር ሰው፣ በእያንዳንዱ ስንኝ ላይ እየጨመረች ትወጣለች።

«ማርያም!» አለች ጸሐይነሽ፣ አፏን በመዳፏ ይዛ።

መምሬ ባምላክ ከወንዶቹ ድንኳን መጡ። ሴቶቹ አንድ ስልክ ላይ ተደፍተው ሲያዩ ፊታቸው ተቆጣ።

«ምንድን ነው? በልቅሶ ቤት ቪዲዮ ታያላችሁ?»

መሠረት ስልኩን ወደ እሳቸው አዞረች። ልታስረዳቸው ፈለገች፣ ስለ ሽቦው፣ ስለ ቀስቱ፣ ስለ መብላትና አለመብላት፤ ሁሉም ከአፏ ጠፋ።

«ልቅሶዋ ነው፣ አባ» አለች።

መምሬ ባምላክ መነጽራቸውን አወጡ። ስልኩን አዩ፤ ፅጌን አዩ፤ እንደገና ስልኩን አዩ። ቁጥሩ እያዩት ሦስት መቶን አለፈ። ለብዙ ሙታን ፍታት አድርሰዋል፤ ብዙ ዋይታ ሰምተዋል፤ እንዲህ ያለ ግን አላዩም። ቃል ሲጠፋቸው ማማተብ ጀመሩ፤ ሴቶቹም ተከትለው አማተቡ።

«እስከ ስንት ይሄዳል ልጄ?» አሉ በመጨረሻ፣ ጎንበስ ብለው።

«እንጃ፣ አባ» አለች ፅጌ። «እንዲህ ከቀጠለ ሆስፒታል ነው።»

መምሬ ባምላክ ቀና አሉ። «ሙሾው ይቁም!»

ይርጋለም በዕድሜዋ ማንም አስቁሟት አያውቅም። ግማሹ ስንኝ ከአፏ እንደወጣ ቆመች፤ መጥታ እሷም አየች። አየችና ነጠላዋን ከወገቧ ፈትታ መሬት ላይ ቁጭ አለች። «እኔ ይህን ያህል አላለቀስኩላትም» አለች ድምፅዋ ቀጥኖ፤ «እኔ እንጀራዬ ነው።»

ፅጌ የኢንሱሊን ብዕሯን አወጣች። እስከ ዛሬ ሰው ፊት ተወግታ አታውቅም፤ ሁልጊዜ በር ዘግታ ነው። አሁን በር መዝጋቱ ትዝ አላላትም። ልብሷን ከሆዷ ላይ ገለጥ አድርጋ፣ በነዚያ ሁሉ ዓይኖች መካከል መርፌዋን ወጋች። ማንም ከንፈሩን አልመጠጠም። በቤተ መቅደስ መጋረጃ ፊት እንደቆመ ሰው ሁሉም ነጠላውን አጣፋ።

መሠረት ከፊት ለፊቷ ተነሥታ ከጎኗ፣ ፍራሹ ላይ ተቀመጠች። ስልኩን በጉልበቷ ላይ አደረገች። መድኃኒቱ ቶሎ አይሠራም፤ ቀስቷም ቶሎ አልወረደችም። ቀስ በቀስ ግን፣ ከድንኳኑ ውጭ ከብቶች ከሜዳው ሲገቡ፣ ጋደል ማለት ጀመረች።

«እናቴ ቀን ሙሉ ስታይ የምትውለው ይህን ነበር?» አለች መሠረት። «እኔ ስደውልላት ‹ቆይ ልጄን ልይ› ትለኝ ነበር። እቀና ነበር። እውነቴን ነው፣ እቀና ነበር።»

«እኔንማ ትሰድበኝ ነበር» አለች ፅጌ። አንቱታው አምልጧት ነበር፤ መሠረትም አላረመቻትም።

«ማንን የማትሰድብ መሰለሽ!»

ሁለቱም ሊስቁ ትንሽ ቀራቸው። ከዚያ ፅጌ ነጠላዋን ከግንባሯ ላይ ገፋ አደረገች። ፊቷ እንዳለ ወጣ፤ የደረቀ፣ የገረጣ።

«እንባው ግን እምቢ አለኝ፣ እትዬ» አለች። «ሞከርኩ። እምቢ አለኝ።»

መሠረት ስልኩን ተወችው። የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ ላይ ጠቀለለችና፣ መጀመሪያ የቀኙን፣ ቀጥሎ የግራውን፣ የፅጌን ደረቅ ጉንጮች ቀስ ብላ ጠረገችላት።